ከሰማይ ስለሚወድቅ ድንጋይ

ልጆች በማታ ኮከብ ሲወረወር አይተው «ወዴት ወደቀ?» ብለው ሲጠይቁ ዝም ማሰኘት አይገባም። የሚወረወረው ኮከብ አይደለም፤ ፀሐይን ሲዞር የቈየ ትቢያ ወይም ድንጋይ ወደ አየራችን ሲገባ ከፍጥነቱ የተነሣ የሚያበራው ብርሃን ነው። አብዛኛው በአየር ላይ ይጠፋል፤ ጥቂቱ ግን ገላው ቀልጦ ቀጭን ጥቍር ቅርፊት ለብሶ ምድር ይደርሳል።

በአገራችንም በሐረርጌ፥ በጉርሱም፥ በ1973 ዓ.ም. ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንዲህ ያለ ድንጋይ ወድቋል። ሊቃውንትም መርምረው ኮንድራይት ከሚባለው ወገን፥ ብረት ከሚበዛበት ነገድ መደቡት፤ በዓለም መዝገብም በጉርሱም ስም ተጻፈ።

ኮንድራይት መባሉ ኮንድሩል የሚባሉ፥ ብዙዎቹ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ድቡልቡል ፍሬዎች ስላሉበት ነው። እነዚህም ቀልጠው የረጉ ጠብታዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም 4 ሺህ 560 ሚሊዮን ዓመት ያህል ስለ ሆነ ከምድር አለት ሁሉ ይበልጣል።

የድንጋዩ ዋና አካል ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉት ማዕድኖች ናቸው፤ ሁለቱም ከሲሊኮን፥ ከኦክሲጅን፥ ከማግኔዚየምና ከብረት የተዋሐዱ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ቤት በምንሠራበት በጥቍሩ ድንጋይም ይገኛሉ። ዋናው ልዩነት ከኒኬል ጋር የተቀላቀለ ንጹሕ ብረት በድንጋዩ ውስጥ በደቃቁ ተበትኖ መገኘቱ ነው፤ በዚህ ነገድ ከክብደቱ ከ100 እጅ ከ15 እስከ 20 ያህል ይሆናል። በምድራችን ግን አብዛኛው ብረት ገና በቀለጠች ጊዜ ከብዶ ወደ እምብርቷ ሰጥሟል፤ በላይ የቀረውም ከሞላ ጐደል ከኦክሲጅንና ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዷል። ስለዚህ ይህ ድንጋይ ምድር ተሠርታ ሳትፈጸም የነበረውን ቅመም ብረቱ ሳይለይ ጠብቆ ያቈየ ምስክር ነው።

በልደታ ችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ እንደምናየው፥ ምስክር የሚጠቅመው ቃሉ ሳይበረዝ ሲቀርብ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ድንጋይ በደጁ የወደቀበት ቤተ ሰብ በውሃ አይጠበው፤ ብረቱ ይዝጋልና። ማግኔትም አያስጠጋበት፤ ከጥንት የያዘውን የመግነጢስ ምልክት ያጠፋበታልና። ሰባብሮም ለጐረቤት አያካፍለው። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ የተሰማውን ድምፅና ያዩትን ሰዎች ስም ጽፎ፥ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህራን ያሳይ። ድንጋዩ ስለ ጥንቱ ዘመን ራሱ ይመሰክራል፤ ስለ ወደቀበት ሰዓት ግን ያየ ሰው ካልጻፈለት ምስክር የለውም።