የወደብ ዳሩ ሕንፃ ዕዳ የማን ነው?

አንድ የሕዝብ ሥራ በተቆረጠለት ዋጋ ሳያልቅ ቀርቶ ወጪው እጥፍ ድርብ እየሆነ ሲያሻቅብ፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ «የግምት ስሕተት» ተብሎ ይታለፋል። ግምቱን ማን አወጣው? ስሕተቱ ማንን ጠቀመ? ዕዳውንስ ማን ከፈለው? የሚሉት ጥያቄዎች በምረቃው ዕለት ጭብጨባ ይዋጣሉ። እኛ ግን የሕዝብ ገንዘብ ሒሳብ ለሒሳብ ሹም ብቻ የሚተው ጉዳይ ነው ብለን አናምንም። ከእያንዳንዱ አኃዝ በስተጀርባ የሚከፍልና የሚከፈለው፣ የሚያዝዝና የሚታዘዝ ወገን አለና።

ይህን በግልጽ ለማስረዳት የሐምቡርግን ከተማ ወደብ ዳር እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐምቡርግ በኤልብ ወንዝ ላይ የተቆረቆረች፣ የጀርመንን ትልቁን ወደብ የያዘች ከተማ ናት። የሀገራችን ገበሬ ያመረተው ቡና ወደ ጀርመን ከሚገባባቸው በሮች አንዱም ይኸው ወደብ ነው። ከ1883 ጀምሮ ለነጋዴዎች መጋዘን የሚሆን ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል፣ በኬርቪደርና በቫንድራም ይኖሩ የነበሩ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ኑሯቸው በወደቡ ሥራ ላይ የተመሠረተ ድኾች ነበሩ። ነጻው ወደብ በ1888 ሲከፈት ነጋዴው አዳዲስ መጋዘኖች አገኘ፤ ሠራተኛው በአንጻሩ ከሥራ ቦታው የራቀና ኪራዩ የከበደ መኖሪያ ገጠመው። በ1896 መገባደጃ ከ16 ሺህ በላይ የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ክረምቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የታገሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ የዚያ ወደብ ዳር መሬት ገና ከጥንቱ የሠርቶ አደሩ ላብና መፈናቀል ያረፈበት መሬት ነው።

በዚሁ ሥፍራ ከ1963 እስከ 1966 «ካይሽፓይኸር አ» የተባለ ግዙፍ የሸክላ ጡብ መጋዘን ተሠራ። ካካኦ፣ ሻይና ትምባሆ ይከማችበት ነበር። ኮንቴይነር መጥቶ የጫኝና አውራጁን ጉልበትና የአሮጌውን መጋዘን አገልግሎት ሲተካ፣ ሕንፃው ቀስ በቀስ ባዶ ቀረ። ከተማዪቱም አሮጌውን ወደብ ወደ መኖሪያ፣ ቢሮና መዝናኛ ለመለወጥ ሀፈንሲቲ የተባለውን 157 ሄክታር የሚሸፍን የልማት ዕቅድ አወጣች። በመጋዘኑ አናት ላይ ከብርጭቆ የተሠራ የሙዚቃ አዳራሽ የማነጹ ሐሳብ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የስዊሱ የአርክቴክቶች ቢሮ ሄርዞግና ደ ሜሮን ያወጣው ንድፍ በ2003 ለሕዝብ ታየ። ሕንፃውም ኤልብፊልሃርሞኒ ተባለ።

የመጀመሪያው ተስፋ እጅግ ማራኪ ነበር። ከተማዪቱ መሬቱን ብቻ ትስጥ፤ የቀረውን ወጪ በሕንፃው ውስጥ የሚሠሩት ሆቴልና ቅንጡ አፓርታማዎች ይሸፍኑታል ተባለ። ሰፊው ሕዝብ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ የሙዚቃ አዳራሽ ሊያገኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉታል ይህን ነው።

አኃዞቹ ራሳቸው ይናገሩ። በ2005 በተደረገው ጥናት የከተማዪቱ ድርሻ 77 ሚሊዮን ዩሮ ይሆናል ተብሎ ተገመተ። ውሉ ሲፈረም 114 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ። የመሠረት ድንጋዩ ሚያዝያ 2 ቀን 2007 ተጣለ፤ ሕንፃው በ2010 እንደሚከፈትም ተነገረ። በ2008 መጨረሻ በተደረገ የውል ማሻሻያ የከተማዪቱ ድርሻ ወደ 323 ሚሊዮን ዩሮ ዘለለ። በ2011 መገባደጃ በጣሪያው ሥራ ላይ በተነሣው ክርክር ሥራው ቆመና ግዙፉ ሕንፃ ሳያልቅ በወንዙ ዳር ተገትሮ ቀረ። በ2013 በተደረሰው አዲስ ስምምነት መጨረሻ፣ ከሕዝብ ካዝና የሚወጣው ገንዘብ 789 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ። አዳራሹ የተከፈተው ጥር 11 ቀን 2017 ነው። ከመጀመሪያው ግምት ዐሥር እጥፍ ያህል፣ ከመጀመሪያው ውል ደግሞ ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ መሆኑ ነው። ከሐምቡርግ ነዋሪዎች ጋር ሲካፈል፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ ለእያንዳንዱ ነፍስ ከ400 ዩሮ በላይ ይደርሰዋል።

እንግዲህ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

አንደኛው ምክንያት ንድፉ ሳያልቅ ውሉ መፈረሙ ነው። ሕንፃው ተራ ሕንፃ አልነበረም። ከአሮጌው መጋዘን ሥር የነበሩት 1,111 ምሰሶዎች አዲሱን ሸክም ስለማይችሉ 650 ተጨማሪ ምሰሶዎች ተተክለዋል። 2,100 ሰው የሚይዘው ትልቁ አዳራሽ የመርከብ ጡሩምባ እንዳይሰማበት ከቀረው ሕንፃ ተለይቶ በብረት ስፕሪንጎች ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ውስብስብ ሥራ ዝርዝሩ ተጠንቶ ሳያልቅ ለጨረታ ሲቀርብ፣ የሚቆረጠው ዋጋ የሥራው ዋጋ ሊሆን አይችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በወረቀት ላይ በእርሳስ ሊታረም ይችል የነበረው ጉድለት በኋላ በኮንክሪትና በብረት ላይ ታረመ። ተቋራጩም በውሉ ውስጥ ያልተጻፈውን ሁሉ «ተጨማሪ ሥራ» ብሎ ሒሳብ ያቀርባል። ይህ የትም ቦታ ያለ የተቋራጭነት ሕግ ነው፤ ትርፍ የሚሻ ድርጅት የሚያተርፈው ባለቤቱ ሳያስብ ከተወው ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የውሉ አወቃቀር ነው። አርክቴክቶቹ የተዋዋሉት ከከተማዪቱ ጋር ነው። ሕንፃውን የሚሠራው ሆኽቲፍ የተባለው ታላቅ የግንባታ ኩባንያም የተዋዋለው ከከተማዪቱ ጋር ነው። በአርክቴክቱና በተቋራጩ መካከል ግን ቀጥተኛ ውል አልነበረም። ስለዚህ ንድፉ ዘገየ ወይም ተለወጠ ተብሎ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለቱም ጣታቸውን የሚጠቁሙት በመካከል ወደ ቆመችው ከተማ ነበር። መካከለኛው ከፋይ ሆነ። ከፋዩም በመጨረሻ ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ምክንያት ምስጢራዊነት ነው። ሥራውን በከተማዪቱ ስም የሚመራው የራሷ የመንግሥት ኩባንያ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የከተማዪቱ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ከ600 ገጽ በላይ በሆነ ዘገባ፣ ያልበሰለ ዕቅድን፣ ጥድፊያንና የቁጥጥር መላላትን በዝርዝር አጋልጧል። የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ግምት የሰማው ሕዝብ ደጋፊ ሆነ፤ እውነተኛውን ዋጋ ሲሰማ ግን ሥራው ከግማሽ አልፎ ነበር። «አሁን ቢቆም የባሰ ይከስራል» የሚለው ማስፈራሪያ ያኔ የማይረታ ክርክር ሆነ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እዚህ የተናቀው ባለቤት ሕዝቡ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሐቅ ሳንሸሽግ መናገር ይኖርብናል። ጥፋቱን ሁሉ በትርፍ አሳዳጁ ኩባንያ ላይ ጥሎ መቀመጥ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ግማሽ ይሆናል። ያልተሟላውን ንድፍ ለጨረታ ያቀረበው፣ መዘዙን ሳይመረምር የፈረመው፣ በየጊዜው አዲስ ፍላጎት እየጨመረ ንድፉን ያስለወጠው በሕዝብ ስም የተቀመጠው ሹም ነው። ንብረቱ የሕዝብ ተብሎ መመዝገቡ ብቻውን ሕዝቡን ባለቤት አያደርገውም። የሕዝብ ንብረት የሕዝብ የሚሆነው ሕዝቡ ሲያውቀው፣ ሲጠይቅበትና ሲቆጣጠረው ነው። ያለዚያ የሕዝብ ድርጅት የሚባለው ቢሮክራሲ ለግል ከበርቴው ካዝናውን የሚከፍትለት በረኛ ይሆናል። ይህ ትችት በሌላው ሀገር ላይ ብቻ ተነጣጥሮ የሚቀር አይደለም፤ የሕዝብ ሥራ በአደራ የተሰጠው ማንኛውም ኃላፊ ራሱን ሊመረምርበት ይገባል።

«ሆኖም ሕንፃው አምሯል፤ ዓለም ያደንቀዋል፤ ያለፈውን እንርሳ» የሚሉ አይጠፉም። ሕንፃው ማማሩን አንክድም። ከምድር በ37 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አደባባይ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ወንዙንና ወደቡን ለማየት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶበታል። ጥበብና ሙዚቃ የሠርቶ አደሩም ሀብት ናቸውና ሠራተኛው አዳራሽ አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ የለንም። ነገር ግን ውበት ደረሰኝ አይደለም። በሕንፃው ውስጥ ያሉት ከ240 በላይ የሆቴል ክፍሎችና ከ40 በላይ ቅንጡ አፓርታማዎች የተሠሩት ለሠራተኛው አይደለም። ሕዝቡ 789 ሚሊዮኑን አስቀድሞ አውቆ «ይሁን» ቢል ኖሮ ምርጫው የራሱ በሆነ ነበር። የተጠየቀው ስለ 77ቱ ነው፤ የከፈለው ግን 789ኙን ነው። የተነጠቀው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የመምረጥ መብቱም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል።

ደስ የሚያሰኘው፣ የሐምቡርግ ሕዝብ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የወደብ ዳሩ ሕንፃ ወጪ በሚንርበት በዚያው ዘመን ከጥንታዊው የሠራተኞች ሠፈር የተረፈውን ጌንገፊርቴልን ከተማዪቱ ለውጭ ባለሀብት ሸጣው ነበር። በ2009 ወደ 200 የሚሆኑ ኪነ ጥበብ ሠራተኞችና ደጋፊዎቻቸው ገብተው ያዙት፤ ከተማዪቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ መልሳ ለመግዛት ተገደደች።

ከዚያም የበለጠው ድል በ2012 መጣ። የዜጎች ማኅበራት ተባብረው ፊርማ አሰባሰቡ፤ የሕዝብ ውሳኔ እንጠራለን ብለውም ግፊት አደረጉ። ምክር ቤቱ በአንድ ድምፅ የግልጽነት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማዪቱ አስተዳደር የሕዝብ ጥቅምን የሚነኩ ውሎችን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። ዋናው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ውል ይፋ ከወጣ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላው አይጸናም፤ በዚያ ወር ውስጥም አስተዳደሩ ከውሉ ሊወጣ ይችላል። ሕዝቡ አንብቦ የሚጮኽበት ጊዜ አገኘ ማለት ነው። የኤልብፊልሃርሞኒ ዕዳ ለዚህ ሕግ ካበቁት ቁጭቶች አንዱ ነበር።

በ2015 ደግሞ የ2024ቱን ኦሊምፒክ ለማዘጋጀት በኤልብ ወንዝ ላይ፣ ከሀፈንሲቲ ማዶ፣ ሌላ ታላቅ ግንባታ ታቀደ። የፌዴራሉ መንግሥት ምን ያህል እንደሚከፍል ገና ተቆርጦ አልታወቀም ነበር። ጉዳዩ ለሕዝብ ውሳኔ ሲቀርብ ከመራጩ 51.6 በመቶው «አይሆንም» አለ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ያልተቆረጠው ወጪ ስጋት ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። አንድ ጊዜ በማያውቀው ሒሳብ የከፈለ ሕዝብ ሁለተኛ ጊዜ ሒሳቡን አስቀድሞ ጠየቀ።

የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ሠራተኞች ከዚህ ምን ትምህርት ይቀስማሉ? ሥራው የታላቅ ወደብ ሕንፃም ይሁን የቀበሌ ድልድይ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻም ይሁን የሠፈር ወፍጮ ቤት ሕጉ አንድ ነው። አንደኛ፣ ንድፉና የሥራው ዝርዝር ሳያልቅ ውል አይፈረም። ሁለተኛ፣ ለንድፉና ለሥራው ተጠያቂው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ በማያሻማ ቃል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ዝቅተኛ ግምት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲመሰገን፣ ያልተቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ይጠየቅ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ለውጥና ተጨማሪ ሥራ ከመፈጸሙ በፊት ዋጋው ለጠቅላላ ጉባኤ ይነገር፤ ከተፈጸመ በኋላ የሚቀርብ ዘገባ ቁጥጥር ሳይሆን መርዶ ነውና። አምስተኛ፣ ጉድለት ሲታይ ቀድሞ የሚናገር አባል የልማት እንቅፋት ተብሎ አይወቀስ፤ እርሱ የማኅበሩ ዓይን ነው።

ግንበኛው ውኃ ልኩን ሳይዝ ግድግዳ አያቆምም። የሕዝብ ሥራም ውኃ ልኩ የሕዝብ ቁጥጥር ነው። ሠርቶ አደሩ የሚያዋጣው ብር የላቡ ዋጋ ነው፤ ላቡ የት እንደፈሰሰ የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት። ጥያቄው ዘግይቶ ሲነሣ ዕዳ ይሆናል፤ በጊዜው ሲነሣ ግን ሀብት ያድናል።

ውሉ በሕዝብ ፊት ይነበብ! ሒሳቡም በሕዝብ ፊት ይወራረድ!