የብርቱካን ሥርና የጁባ በጋ

የዛፍ ሕመም የሚታወቀው በቅጠሉ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥሩ ነው። ይህ ዕውቀት ለአትክልተኛ ብቻ ሳይሆን ለአስተዳዳሪና ለነጋዴም የሚጠቅም መሆኑን የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የጁባ ሁኔታ ያስረዳል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለ ተሠጋ የአገሩ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጁባ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ትምህርት ቤቶቹ ለሁለት ሳምንት እንደገና ተዘጉ። ሰው ወደ ጥላ ሊሸሽ ይችላል፤ ዛፍ ግን በተተከለበት ቦታ ሙቀቱን መቀበል ግዴታው ነው።

የብርቱካን፣ የሎሚና የመንደሪን ዛፎች ውኃ የሚስቡባቸው ቀጫጭን ሥሮች አብዛኛዎቹ ከ60 ሳንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ስለሚገኙ፣ ራቁቱን የተተወ መሬት በፀሐይ ሲግል ቀድመው የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። የአፈሩ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የሥሩ እድገት ይገታል። ድርቁ ሲበረታ ቀጫጭኖቹ ይሞታሉ፤ የተረፉትም ቅርፊታቸው እየጠነከረ ውኃ የማሳለፍ ኃይላቸው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ቅጠሉ ውኃ እንዳይተንበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ነገር ግን አየር የሚገባው በዚያው ስለ ሆነ ዛፉ ምግቡን እንደሚገባ መሥራት ይሳነዋል፤ ያልጎለመሰውም ፍሬ ይረግፋል።

የዝናቡም መምጣት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። በድርቅ የደከመ ሥር ውኃ በተኛበት መሬት ሲቆይ ፋይቶፍቶራ ለሚባለው አበስባሽ ተሕዋስ ይጋለጣል። ስለዚህ ገበያተኛው በወራት በኋላ የሚያየው የፍሬ ማነስ ቀድሞ በመሬት ውስጥ ተወስኖ ያለቀ ነው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠች ስትሆን፣ በገበያዋ ከሚሸጠው ፍራፍሬና አትክልት ብዙው ግን ከኡጋንዳ 192 ኪሎ ሜትር በሆነው የኒሙሌ መንገድ የሚመጣ ነው። መንገዱ በታወከ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። በከተማው ዙሪያ አትክልት ማስፋፋት የሚመከረውም ስለዚህ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንዝ አጠገብ መትከል ብቻውን ሥርን ከግለት አያድንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት ግንዱን ሳያስነኩ በገለባ ማልበስ አፈሩን ያቀዘቅዛል፤ ውኃውንም ያቆያል። ውኃውን በበጋው ወራት ሳያቋርጡ በመጠን ማጠጣት፣ ለክረምቱም ማፋሰሻ ቦይ መቅደድ ይገባል። ችግኝ የሚገዛም ሰው የላዩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተጣበቀበትን ሥር ጭምር ይጠይቅ፤ ልጡ ሻካራ የሆነው የሎሚ ዓይነት ሥሩ ጠልቆ ድርቅን ሲችል፣ የሥር መበስበስ ግን ቶሎ ይጎዳዋል። ስለዚህ ምርጫው እንደ መሬቱ መሆን አለበት።

የአስተዳደር መዝገብ የተተከለውን ችግኝ ይቈጥራል። ለነጋዴው ግን የሚጠቅመው ሥሩ በጋውን የተሻገረለት ዛፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ቈጠራው ከበጋ በኋላ ቢደገም መልካም ነው።