ፈቃድ ያለው ሽጉጥም ሜዳ አይገባም

ተሰሎንቄ፣ ቱምባ ስታዲየም፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2018። ለግሪክ ሊግ ዋንጫ አንገት ለአንገት የተያያዙት ፓኦክና ኤኢኬ አቴንስ ተፋጠዋል። ዜሮ ለዜሮ እንዳሉ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የባለሜዳው ተከላካይ ፈርናንዶ ቫሬላ በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ። ስታዲየሙ አበደ። ግቡ ግን ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ። እስከዚህ ድረስ የትም አገር ያለ ነገር ነው። ዳኛ ይሰደባል፣ ተጫዋች ይገፋፋል፣ ቢጫ ካርድ ይመዘዛል፣ በቃ ያልቃል።

የዚያን ምሽት ግን አላለቀም። የፓኦክ ባለቤት ባለሀብቱ ኢቫን ሳቪዲስ በጠባቂዎቻቸው ታጅበው ሜዳ ውስጥ ገቡ። ወገባቸው ላይ የታጠቁትን ሽጉጥ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። የኤኢኬ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ገቡ፣ ጨዋታው ተቋረጠ፣ በማግስቱ የግሪክ መንግሥት ሊጉን ላልተወሰነ ጊዜ አገደ። ሰውየው ይቅርታ ቢጠይቁም ለ3 ዓመት ስታዲየም እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ 100 ሺህ ዩሮም ተቀጡ። ኤኢኬ በፎርፌ 3 ለ 0 አሸናፊ ተባለ፣ ፓኦክ 3 ነጥብ ተቀነሰበት። ዋንጫውም እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኤኢኬ ሄደ።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው ሽጉጡ ፈቃድ ያለው ነበር። ፖሊስ ሳቪዲስን የፈለጋቸው ሜዳ ጥሰው በመግባታቸው እንጂ መሣሪያ በመያዛቸው አልነበረም። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው «ለማን ይሰጥ?» ብሎ ነው። ዕድሜው ስንት ነው? ወንጀል አለበት ወይ? ጤነኛ ነው ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «የት ይዞት ይግባ?» የሚለው ነው።

ይህንን ደግሞ ከራሱ ከተኩስ ስፖርት መማር ይቻላል። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ዒላማውን ሲመታ ያላየው የለም። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የድብልቅ ቡድን ውድድር የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ከዚያ ዘና ካለ አቋም በስተጀርባ ያለውን ሥርዓት ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በተኩስ ስፖርት መሣሪያ ከተኩስ መስመሩ ውጪ ጥይት አይጎርስም፤ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይገባበታል። ተወዳዳሪው የሚያጎርሰው ሲታዘዝ ብቻ ነው። «ቁም» ከተባለ ያቆማል፤ ክርክር የለም። አፈሙዙን አደጋ በሚያመጣ መንገድ ያዞረ ከውድድር ይባረራል። የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያ የማይፈቀድለትን የክለብ ባለቤት በምን ሒሳብ ይፈቀድለታል?

እርግጥ የመስመር ሕግ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕጻናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። በኋላ የቴኒስ ኮከብ የሆነው አንዲ መሪ ያን ቀን እዚያው ትምህርት ቤት የነበረ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። ገዳዩ የተኩስ ክለብ አባል ነበር፤ መሣሪያዎቹም ፈቃድ ነበራቸው። ከዓመታት በፊት አንድ የፖሊስ መርማሪ ፈቃዱ እንዲነጠቅ በጽሑፍ ቢያሳስብም ሰሚ አላገኘም።

ብሪታኒያ በ1997 ሽጉጥን ከሞላ ጎደል ከግለሰብ እጅ አወጣች። ዕዳውን የከፈሉት ጥፋት የሌለባቸው ስፖርተኞች ናቸው። የሽጉጥ ተኳሾቿ ለልምምድ ውጭ አገር መሄድ ግድ ሆነባቸው። በለንደን 2012 ኦሎምፒክም ውድድሩ እንዲካሄድ ልዩ ፈቃድ አስፈልጓል። የስፖርተኞቹ ቅሬታ እውነት አለው። ግን ልጁን ከቀበረ ወላጅ ፊት ቆሞ «የእኔ ልምምድ ይበልጣል» የሚል ማን ነው? ያ የመርማሪው ወረቀት በጊዜው ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሁለቱም ወገን ይተርፉ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛም ጥያቄ አለ፤ «ፈቃዱን በጊዜው ማን ይነጥቃል?»

ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥታለች። አዋጅ መኖሩ ጥሩ ነው። ሆኖም አዋጅ ወረቀት ላይ ነው፤ ስታዲየም በር ላይ የሚቆመው ፈታሽ ነው። ፈታሹ ደግሞ የሚፈራው የደጋፊውን ጩኸት ሳይሆን የትልቁን ሰው ቁጣ ነው። ሳቪዲስንም ወገባቸውን ሊዳብስ የደፈረ አልነበረም፤ ክለቡ የሳቸው ነዋ!

ካታንጋ ለመግባት ተሰልፎ ኪሱን ሲያስፈትሽ የኖረ ደጋፊ ፍተሻን አይጠላም። የሚያናድደው እሱ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሌላው በሌላ በር ሰላምታ እየተሰጠው ሲያልፍ ነው። ፍተሻው በክቡር ትሪቡን በርም እኩል ይሁን። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን ኳስ ሊያይ ሲመጣ ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎበት ይምጣ።