የቤት ትምህርት፦ ጥርሱ በሽቦ ለታሰረ ልጅ የሚሰናዳ ምግብ

ከሐራ የጻፉልን አንዲት እናት ጭንቀታቸውን እንዲህ ይገልጻሉ፤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ጥርሷ ተደራርቦ ስለ በቀለ አዲስ አበባ ወስደው በሽቦ አሳስረውላታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የምታበሏት ነገር ጠፍቷቸዋል። ጾመ ፍልሰታም ስለ ደረሰ፣ «ትጹም ወይስ ትተወው?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥርሱን የሚያሳስር ልጅ ዛሬ በየከተማው እየበዛ በመሄዱ የዚህን ወር ገጽ ለዚሁ ጥያቄ ሰጥተነዋል።

አስቀድሞ የነገሩን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ብሬስ የሚባለው ይህ ሽቦ በየጥርሱ ፊት ላይ በሙጫ በተጣበቁ ትንንሽ ቁራጮች ላይ ተዘርግቶ የሚታሰር ነው። ሽቦው ጥርሱን ቀስ እያለ ይገፋዋል፤ በተገፋበት ወገን ያለው አጥንት እየሟሟ፣ በለቀቀው ወገን አዲስ አጥንት እየተተካ ጥርሱ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ ሥራው አይቸኮልም፤ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጃል። ሐሳቡም የትናንት አይደለም፤ ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1728 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የተጣመመ ጥርስ ማቅኛ መሣሪያ ገልጾ ነበር።

ለእናት ዋና ነገር የሚሆነው ግን ሙጫው ነው። ይህ ሙጫ ሕክምናው ሲያልቅ ጥርሱን ሳይጎዳ መላቀቅ ስላለበት እንደ ሚስማር የጠነከረ አይደለም፤ ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ይላቀቃል። ቁራጩ በወለቀ ጊዜ ያ ጥርስ ሥራውን ያቆማል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የአንዲት ፍሬ ሽምብራ ቆሎ ዋጋ የመኪና ኪራይ፣ የማደሪያና ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ቀን ሁሉ ይሆናል ማለት ነው።

እኔ እንደማየው እናቶች የሚሳሳቱት በገበታው ላይ አይደለም። የገበታችን ምግብ አብዛኛው ለስላሳ ነው፤ እንጀራን በጣት ቆርሰን በወጥ አርሰን እንጎርሳለንና በፊት ጥርስ መግመጥ እንኳ አያሻንም። አደጋው ያለው ከገበታ ውጭ፣ በቡና ሰዓትና በመንገድ ላይ በሚቆረጠመው ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ቋንጣ፣ በረዶ ሽቦ እስኪወልቅ ድረስ ይከለከሉ። ፈንድሻ ለስላሳ ይመስላል፤ ሆኖም ገለባው በሽቦውና በድድ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ከረሜላና ማስቲካ ደግሞ ቁራጩን ስበው ይነቅላሉ። መስከረም ጠብቶ ጥንቅሽ ሲደርስ የቆላው ልጅ ሁሉ በጥርሱ እየላጠ ሲመጥ ይውላል፤ ይህን መከልከል ከሁሉ ይከብዳል። ብትለምን በቢላ ልጦ ሰጥቶ ማታለል አይጠቅምም፤ ጭረቱ በሽቦው ላይ ይጠመጠማልና ለጊዜው ይቅርባት።

አያት ቆሎ ዘግነው ሲሰጡ ልጅ «አልፈልግም» ብትል እንደ ንቀት ይቈጠራል። ስለዚህ እናቲቱ ለአያቲቱም ለጎረቤቱም ምክንያቱን አስቀድመው ይንገሩ፤ ቡና ሲፈላም ለልጅቱ የሚሆን ንፍሮ ከሁሉ ጋር አብሮ ይቅረብ። ሰው ሁሉ ሲበላ ዝም ብላ እንድትቀመጥ የተፈረደባት ልጅ ተደብቃ መቈርጠሟ አይቀርም። ንፍሮውም ስንዴ ቢሆን ሽምብራ ሌሊቱን ይዘፍዘፍና እስኪፈርስ ይቀቀል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንዷ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስትጨመቅ ከፈረሰች ለልጅቱ ትሆናለች፤ ካልፈረሰች ወደ ድስቱ ትመለስ።

ስለ ጾሙ ከምግቡ ወገን የሚያስተዋት ምክንያት አላገኘሁም። እንዲያውም የጾም ወጣችን ለታሰረ ጥርስ የተመቸ ነው፤ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ የምስርና የአተር ክክ፣ የዱባ ወጥ፣ የድንች ቅቅል፣ በተለይም ተጣርቶ የሚሠራው የሱፍ ፍትፍት ጥርስ ሳያስቸግር ያጠግባል፤ ሰውነትም ይጠግናል። ጎመኑ ግን ደቅቆ ይከተፍ። በሶ በጭብጦ ፈንታ በጥብጦ ቢጠጣ ይሻላል። የማሽላ እንጀራ ሲያድር ስለሚደርቅ ትኩሱን ማቅረብ ወይም በወጥ መፈትፈት ነው፤ ደረቅ ቂጣ አይሰጥ። በፍስክ ጊዜም ሥጋው ተከትፎ ይሠራ፤ የዶሮው ሥጋ ከአጥንቱ ተለይቶ ይቅረብ።

ሽቦው እንደ ታሰረ፣ በየቀጠሮውም በተጠበቀ ጊዜ፣ ጥርሱ ከ3 እስከ 5 ቀን ያህል ያማል። በእነዚያ ቀናት የአጃ አጥሚት፣ ለብ ያለ ቀጭን ገንፎና የተፈጨ ድንች ይበቃል። ቢቻል ቀጠሮው ከጾሙ መግቢያ ጋር እንዳይገጥም ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሕመም ጸንቶ መድኃኒት በጾም ሰዓት መውሰድ የግድ ቢሆን ነገሩ የንስሐ አባት ነው፤ እኔ በዚህ ገጽ አልፈርድበትም።

ፍራፍሬም አይከልከል፤ አቀራረቡ ብቻ ይለወጥ። ፓፓያና ሙዝ ያለ ችግር ይበላሉ። ማንጎን ግን እንደ ልማዳችን ፍሬውን ይዞ በጥርስ መጋጥ ጭረቱን ሁሉ በሽቦው ላይ ማጥመድ ነው፤ በቢላ ተቆራርጦ በሳሕን ይቅረብ። የዘይቱን ፍሬ ጠንካራ ስለ ሆነ ይጠጣ እንጂ አይታኘክ፤ ጭማቂው ይጣራ።

ጾም ለጥርስ የሚጠቅምበትም መንገድ አለ። ምግብ በተለይም ስኳር ያለበት በተበላ ቍጥር በአፍ ውስጥ አሲድ ተፈጥሮ የጥርሱን ልባስ ያሟሟል፤ በየሰዓቱ የማይቀማምስ ልጅ ከዚህ ያርፋል። ነገር ግን ጾሙ በስኳር በተሞላ ሻይ ተፈትቶ ሻዩ እስከ ማታ እየተደገመ ከተጠጣ ጥቅሙ ይጠፋል። በሽቦው ዙሪያ ያደረ ምግብ ጥርሱን ነጭ ምልክት ያወጣበታል፤ ምልክቱም ሽቦው ከወለቀ በኋላ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና፣ ከሽቦው በላይም በታችም መቦረሽ ያስፈልጋል። መፋቂያው ሽቦ ላይ ስለሚያዝ ለጊዜው ይቆይ። ልጅቱ የምትቆርብ ከሆነ ሽራፊ ምግብ በሽቦው ውስጥ እንዳያድር በዋዜማው የመጨረሻውን ምግብ ከበላች በኋላ አጥርታ ትቦርሽ።

ሽቦው ጉንጯን ቢወጋት ሐኪሙ የሰጠው ለስላሳ ሰም ይለጠፍበት፤ ጧፍ ቆርጦ የሚለጥፍ አይጠፋምና ይህ እንዳይደረግ። የቆሰለውንም አፍ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውኃ መጉመጥመጥ ያስታግሰዋል። ቁራጭ ቢወልቅ ደግሞ በቤት ውስጥ ለመመለስ ወይም ጎትቶ ለማውጣት አይሞከር፤ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ በስልክ ይነገር፤ የወለቀውም በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ እስከ ቀጠሮው ይቀመጥ።