ያለ ውሃ ማቅለምና የበግ ጠጕር

የለበሰው ጨርቅ ቀለሙን ለማግኘት ስንት ውሃ እንደ ፈጀ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በተለመደው አሠራር ቀለሙ በውሃ ይበጠበጣል፤ ጨርቁም በፍል ውሃ ተነክሮ ከቆየ በኋላ ደጋግሞ ይታጠባል። እጣቢው ሳይጣራ ወደ ወንዝ የተለቀቀ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ ከታች በኩል ውሃ ለሚቀዱትና ከብት ለሚያጠጡት ይተርፋል። ስለዚህ ያለ ውሃ የሚያቀልም መኪና ተሠራ ሲባል መደሰት ተገቢ ነው፤ ለምን ዓይነት ክር እንደ ተሠራ መጠየቅም እንዲሁ ተገቢ ነው።

የዘዴው መሠረት የቈየ ነው። ቶማስ አንድሩስ የተባለው የቤልፋስት ሊቅ በ1869 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር) እንዳስረዳው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ወደ ፈሳሽነት አይለወጥም። ግፊቱ ከተራው አየር 73 እጥፍ ያህል ሲያልፍ ግን እንደ ጋዝ ሰርጎ የሚገባ፣ እንደ ፈሳሽም የሚያሟሟ ነገር ይሆናል።

የጀርመን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን ጠባይ ለማቅለሚያ አዋሉት፤ በኋላም ዳይኩ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ መኪናውን ለፋብሪካዎች አቀረበ። ሥራው የሰመረው በፖሊስተር ላይ ነው። የተጨመቀው ጋዝ ክሩን ያሳብጠዋል፤ ቀለሙንም ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ሲለቀቅ ጨርቁ ደርቆ ይወጣል፤ ጋዙም አብዛኛው ተመልሶ ይሠራበታል።

የበግ ጠጕር ጠባይ ግን ሌላ ነው። የሚስማሙት የተለመዱት ቀለሞች በውሃ እንጂ በዚህ ጋዝ አይሟሙም። ገላው እንደ ቤት ክዳን በተደራረበ ቅርፊት የተሸፈነ ስለ ሆነ ቀለም በቀላሉ አያስገባም። ፖሊስተር የሚችለው 120 ዲግሪ ያህል ሙቀትም ጠጕሩን ሊያደክመው ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በጋዙ የሚሟሟና ከጠጕሩ ጋር በኬሚካል የሚጣበቅ ቀለም ይፈትናሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ውሃ ይጨምራሉ። ከዚህም ሌላ፣ ከበጉ የተሸለተው ጠጕር ከመቀለሙ በፊት ስቡና እድፉ መታጠብ አለበት፤ ይህም በተለመደው አሠራር የሚፈጸመው በውሃ ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ነገ የመኪና ግዢ ወረቀት የሚቀርብለት ወጣት ሹም «ያለ ውሃ» በሚለው ስም ብቻ መፈረም የለበትም። ለየትኛው ክር ነው? ቀለሙ እጥበትንና ፀሐይን ይችላልን? ያን ያህል ግፊት ለመፍጠር ስንት ኤሌክትሪክ ይፈጃል? ብሎ ይጠይቅ። የኬሚስትሪ ተማሪም የበግ ጠጕር ገና መልስ እንደሚፈልግ ዐውቆ ትምህርቱን ይግፋበት።