አንድ ቤት ሁለት ዋጋ ሊኖረው አይገባም



ሰፈሩ እንዲታደስ፣ መንገዱ እንዲሰፋ፣ የጎርፍ መውረጃው እንዲጠረግ የማይፈልግ የከተማ ሰው የለም። ለዚህም ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ፓርቲያችን ጠንቅቆ ያውቃል። ሕዝባችንም ቢሆን ለሰፈሩ ገንዘቡን ሰስቶ አያውቅም። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በርካታ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን የለበሱት ነዋሪው ከኪሱ እያዋጣ ነው። ስለዚህ ክርክራችን «ግብር ይከፈል ወይስ አይከፈል?» የሚል አይደለም። ማን ወሰነው? በምን ዋጋ ተሰላ? ገንዘቡስ የት ይውላል? የሚል ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ታክሱ የሚጣለው በመሬት የመጠቀም መብትና በሕንፃ ላይ ሲሆን፣ የሚሰላውም በንብረቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ነው። የአዋጁ ደጋፊዎች «ሩቡ ብቻ ነው፤ ታዲያ ምን ያስጮኻል?» ይሉናል። የሚያስጮኸን ሩብ መሆኑ ሳይሆን «የገበያ ዋጋ» የተባለው ነገር ነው።

እስቲ ጉዳዩን በሕግ ዓይን እንመልከተው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ባለቤት ለተባለው ሕዝብ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖበታል።

መንግሥት ቦታውን ለልማት ሲፈልገው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የቤቱ ካሳ የሚሰላው ቤቱን መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ የሠራተኛው ዋጋ ይቆጠራል። ምትክ ቦታና የልማት ተነሺ ካሳ በሕጉ ቢኖሩም፣ ቦታው መሀል ከተማ በመሆኑ በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ለነዋሪው አይከፈለውም። ለምን ቢባል መሬቱ የመንግሥት ነዋ! በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት የተነሡ ወገኖቻችን ይህን በኑሯቸው ያውቁታል።

ግብር ሲመጣስ? ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ጣራ በገበያ ዋጋ ይገመታል። የሰፈሩ ተፈላጊነት፣ የአስፋልቱ ቅርበት ሁሉ ይቆጠራል። ሲወስዱት በድንጋዩ፣ ሲያስከፍሉት በሰፈሩ! አንድ መንግሥት በአንድ ቤት ላይ በሁለት ሚዛን ሲፈርድ ይህ ግብር ነው ወይስ ሁለት ጊዜ መቀማት?

የቤት ዋጋ ናረ ማለት የባለቤቱ ገቢ አደገ ማለት አይደለም። ጡረተኛዋ እናት ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት በወረቀት ላይ ሚሊዮኖች ቢገመት፣ በየወሩ የሚቀበሉት ያችኑ ጡረታ ነው። ግድግዳ ቆርሰው ግብር አይከፍሉም። ተከራዩም አይተርፍም፤ ባለቤቱ ላይ የተጫነው ሸክም ውሎ አድሮ ወደ እሱ መውረዱ አይቀርም።

«ታዲያ ግብርን በሕዝበ ውሳኔ? የትኛው ሕዝብ ነው በራሱ ላይ ግብር ለመጫን እጁን የሚያወጣ?» የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 8 የሕዝብ ሉዓላዊነት በተወካዮች ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ተሳትፎም እንደሚገለጽ ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል የሆነው በሕዝበ ውሳኔ ነው። ክልል ለመመሥረት የበቃ ሕዝብ ስለ ቤቱ ግብር ለመወሰን ያንሳልን? በአሜሪካ የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ1978 የንብረት ግብር ምጣኔን በ1 በመቶ ገድበዋል። የዚያው ግዛት መራጮች ግን ለትምህርት ቤት ግንባታ የሚወሰድን፣ ከንብረት ግብር የሚከፈል ብድር በየጊዜው በድምፃቸው ያጸድቃሉ። ሕዝብ የሚሠራውን ሥራና ዋጋውን አውቆ ሲጠየቅ ይከፍላል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን በሕግ ያስደነግጋል፦

አንደኛ፣ ለሰፈር ማደሻ የሚሰበሰብ የንብረት ታክስ ምጣኔው፣ ዘመኑና የሚሠራበት ዝርዝር ሥራ ለየከተማው ሕዝበ ውሳኔ ይቀርባል፤ ሕዝብ ያላጸደቀው አይሰበሰብም።

ሁለተኛ፣ መንግሥት ለግብር የያዘው ግምት ነዋሪው ሲነሣ የሚከፈለው ካሳ ዝቅተኛ መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከተሰበሰበው ግማሹ በተለየ ሒሳብ ተይዞ ለዚያው ወረዳ፣ ቀሪው በከተማው ውስጥ እጅግ ለተጎሳቆሉ ሰፈሮች ይውላል። ገቢና ወጪው በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

አራተኛ፣ ጡረተኞችና አቅመ ደካሞች ለሚኖሩበት ብቸኛ ቤት አይከፍሉም። ግምቱን የሚቃወም ሁሉ ከገማቹ መሥሪያ ቤት ውጭ ለሆነ ገለልተኛ አካል ይግባኝ ይላል።

ውድ መራጮች፤ ከምርጫው ቀን በፊት ድምፃችሁን ፈልጎ በራችሁን የሚያንኳኳ ዕጩ ሁሉ፣ የእኛም ቢሆን፣ ይህን ሳይመልስ አይሂድ፦ ቤቴን ስታስከፍሉበት ስንት ነው? ስትወስዱትስ ስንት ነው? ሁለቱን መልሶች አነጻጽሩና ድምፃችሁን ስጡ።