አዱሊስና የመቀሌ አሞሌ

ልጆቻቸውን የጥንት ፍርስራሽ ለማሳየት የሚወስዱ ወላጆች፥ አስቀድመው አንድ ነገር ቢያስረዱአቸው መልካም ይመስለናል። ይኸውም በዙላ የባሕር ሰላጤ አጠገብ ያለችው፥ ዛሬ በኤርትራ ግዛት የምትገኘው አዱሊስ፥ የሮማ ሸቀጥ ስለ ተገኘባት የሮማውያን ከተማ ትመስላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለችም። አዱሊስ የአክሱም ነገሥታት ወደብ ነበረች፤ የሮማ ግዛት ነጋዴዎችም ይመጡባት የነበረው በእንግድነት ነው።

በ1ኛው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክኛ በጻፈው የባሕር ጉዞ መጽሐፍ፥ ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ የ3 ቀን፥ ከዚያም እስከ አክሱም የ5 ቀን መንገድ መሆኑን ይነግረናል። ከወደቡ የሚወጣው የዝኆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ዔሊ ቅርፊት ነበረ፤ የሚገባውም ብርጭቆ፥ መዳብ፥ ብረት፥ ጥቂትም የኢጣልያና የሎዶቅያ ወይን ጠጅ ነው። ንጉሡን ዞስካሌስን ግን ገንዘቡን አጥብቆ የሚይዝ፥ ሆኖም የግሪክን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል። (ጸሓፊው ነጋዴ ነውና፥ ንጉሥን ሳይቀር በገንዘብ አያያዙ መመዘኑ አያስደንቅም።)

የመቀሌ ልጆች የዚህን ንግድ አንድ ቅርንጫፍ ለማወቅ ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልጋቸውም። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን ያየው ኮስማስ፥ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ወርቅ ሊለውጡ ወደ ሳሱ አገር ሲሄዱ በሬ፥ ብረትና ጨው ይዘው እንደ ነበረ ጽፎአል። ከአፋር በረሓ በግመል ተጭኖ ለብዙ ዘመን ወደ መቀሌ ገበያ ሲወጣ የኖረውን አሞሌ በእጁ ይዞ ይህን የሚሰማ ልጅ፥ ነገሩ ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባዋል።

በዓዲግራት በኩል ወደ የሓ የሚጓዝ ቤተ ሰብም፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት የታነጸውን ታላቅ ቤተ መቅደስ ካየ በኋላ፥ በአቅራቢያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2016 የተቆፈረው የቤተ ሰማዕቲ ስፍራ አለ። በዚያ የ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያንና የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ዕንቍ ያለው፥ አሠራሩ የሮማውያንን የሚመስል የወርቅ ቀለበት ተገኝቶአል። የባሕሩ ንግድ እስከዚህ ደጋ ድረስ መድረሱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን፤ ልጆች የሸክላ ስባሪ አንሥተው በኪሳቸው እንዲከቱ አይፈቀድላቸው። ስባሪው ከተቀበረበት አፈር ከወጣ፥ በየትኛው ዘመን ከየትኛው ቤት እንደ ወደቀ ሊቃውንቱ ለማወቅ ይቸገራሉ። እንግሊዞች በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ መቅደላ ሲዘምቱ በዙላ ወርደው፥ በአዱሊስ ቆፍረው ካገኙት የእብነ በረድ ስባሪ ከፊሉ ወደ ለንደን ተወስዶአል። ለልጆች እርሳስና ወረቀት ቢያዝላቸው፥ ስባሪውን ባለበት ትተው መልኩን ሥለው ይመለሳሉ።